ይሞቃል የተባለው የጃርት ድንጋይ

ተረት ተረት ስላችሁ ዝም የምትሉኝ ከሆነ ተነስቼ ቤቴ እገባለሁ። ሰማችሁ? እሺ፣ ጠጋ በሉ እንግዲህ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ እሳት ያነድ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ጃርት ነበር። ጉድጓድ ሲቆፍር ጥቁር ጥቁር ድንጋይ አገኘ። አንዱን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጠው ሞቀ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ አልለቀቀውም። ጃርት በደስታ የሚሆነውን አጣ። ያለ እንጨት የሚሞቅ ነገር ማን አይቶ ያውቃል?

ወሬውን ሰምታ ጦጢት መጣች።

«አያ ጃርት፣ ይሄን ድንጋይ ለአገሩ ላዳርስልህ። ፈቃድህን ስጠኝ» አለችው።

«እመት ጦጢት፣ ገና አንድ ቀን ነው የሞከርኩት። እስቲ ክረምቱን እንየው።»

«ይሞቃል ወይስ አይሞቅም?»

«ኧረ ይሞቃል» አለ። በልቡ ግን «ወደፊት ይሞቃል» ማለቱ ነበር። እሷ ደግሞ «አሁን ይሞቃል» ብላ ሰማችው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ቃሉ አንድ ነው! ይሉኝታ ይዞት ከጀርባው አንድ እሾህ ነቀለና «የፈቃዴ ምልክት ይሁንሽ» ብሎ ሰጣት።

ጦጢት ድንጋዮቹን ተሸክማ ጥንቸል ቤት ሄደች። «ይሞቃል ወይ?» «ይሞቃል፣ ይኸው የጃርት እሾህ።» ጥንቸል የእንጨት ክምሯን ሰጥታ አንድ ድንጋይ ወሰደች። ሚዳቋ ቤት ሄደች። «ይሞቃል ወይ?» «ይሞቃል፣ ይኸው የጃርት እሾህ።» ሚዳቋም እንጨቷን ሰጠች።

በመጨረሻ ቆቅ ዘንድ ሄደች። ቆቅ ባሏን ጭልፊት ወስዶባት ሰባት እንቁላል ብቻዋን ታቅፋለች። ጥሬ ለቀማ ስትወጣ እንቁላሎቹ ይቀዘቅዙባታል።

«ሞቋል ወይ?» ብላ ጠየቀች።

«ይሞቃል አልኩሽ እኮ።»

ርቧታል፣ ደክሟታል፤ ጥያቄዋን አልደገመችም። የጎጆዋን ደረቅ ሣር ሰጥታ እንቁላሎቿን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች።

ክረምት ገባ፤ ፀሐይ ጠፋች። ጥንቸልና ሚዳቋ ድንጋያቸውን አቅፈው ተንቀጠቀጡ። ቆቅ ጥሬ ለቅማ ብትመለስ ድንጋዩ በረዶ ሆኗል። እየሮጠች ጃርት ዘንድ ሄደች።

«አያ ጃርት፣ ድንጋይህ ሞቆ ያውቃል?»

ጃርት አንገቱን ደፋ። «አንድ ቀን ሞቋል። በበጋ።»

«ልጆቼ ሊሞቱብኝ ነው።»

ጃርት በዝናቡ ተከተላት። አስቡት እስቲ፣ ጃርት እንቁላል ሲታቀፍ! እሾሁን ለዝናቡ፣ ለስላሳ ሆዱን ለእንቁላሎቹ ሰጠ። እሷ ለቀማ ስትወጣ እሱ ይታቀፋል፤ ስትመለስ ይነሳላታል።

በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ተናገረ። «አያ ጃርት፣ እኔ አልዋሸሁም። ፀሐይ ሳገኝ እሞቃለሁ። ሲደምን ምን እንደምሆን ግን ማን ጠየቀኝ?»

«እውነትህን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጃርት።

አምስቱ ተፈለፈሉ። ሁለቱ ቀሩ። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይከፋኛል።

ከዚያ ጃርት ጦጢት ዘንድ ሄደ። ብታዩ እሷም የእንጨቱን ክምር ትታ ድንጋይ ታቅፋ ትንቀጠቀጣለች።

«እሾሄን መልሺልኝ» አላት።

«ይሞቃል ብለህ የለም እንዴ? እኔ እኮ አምኜህ ነው።»

«ክረምቱን ሳላይ ብያለሁ። ለዚህ ነው የምወስደው።»

እሾሁን መለሰች። እንጨቱንና ሣሩንም አብረው ተሸክመው ለየባለቤቱ አደረሱ።

ጃርት ድንጋዩን አልተወውም። በደመናም፣ በዝናብም፣ በውርጭም ይሞክረዋል። መንገደኛው «አያ ጃርት፣ ይሞቃል ወይ?» ሲለው «እኔን አትጠይቀኝ፤ ና ዳስሰው» ይላል። ቀድማ መጥታ የምትዳስሰው ቆቅ ናት፤ አምስት ልጆቿን አስከትላ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ «ይሞቃል» ያላችሁን ሁሉ ውሸታም አትበሉት። ግን እንቁላላችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት እጃችሁን አስቀምጡበት።