እሜት ውሮ አፈር ያለበሰችው ቦይ

ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ «ነበረች» ስል፣ እናንተ «እሺ» እያላችሁ ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚነጋገርበት ዘመን፣ ጠጠር አምባ በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ድመት ነበረች። ስሟ እሜት ውሮ ነው። በከተማው እሷን የሚያህል ንጹሕ አልነበረም። ፊቷን ታጥባ አትጠግብም፤ ቆሻሻዋንም ሁልጊዜ ቆፍራ አፈር ታለብሰዋለች።

ከተማዋ ግን እንደ እሜት ውሮ አልነበረችም። በየደጁ ልጣጭ፣ በየመንገዱ አጥንትና ቡትቶ ነበር። አንድ ቀን ፍየል ጎረቤት ከተማ ገበያ ውላ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

«ምነው ፍየል?» አሏት።

«ምነው ትሉኛላችሁ! የዚያ አገር በግ አፍንጫዋን ይዛ፣ ‹ከዚያች ከምትሸተው ከተማ ነሽ?› አለችኝ። እኔ ፍየሏ፣ መልስ አጣሁ!»

ፍየል መልስ አጣች ሲባል ሁሉም አፈሩ። ማንም ሳያዛቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ ለሦስት ቀን ደቦ ወጥተው ከተማቸውን ሊያሳምሩ ተስማሙ። ሽማግሌው ጋሽ አውራ ዶሮም አጥር ላይ ወጥተው፣ «ንጽሕናን ከእሜት ውሮ የበለጠ ማን ያውቃል? እሷ ትምራን!» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጉ። በሁለተኛው ቀን ለቀሙ። በሦስተኛው ቀን ቆሻሻው ተከምሮ ከኮረብታው ማዶ ወዳለው ጉድጓድ መውሰድ ብቻ ቀረ። እሜት ውሮ ወደ ኮረብታው አየች፤ ሩቅ ነው። ወደ ፀሐይ አየች፤ አዘቅዝቃለች። ወደ እግሯ አየች፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ደክሟችኋል፤ ሂዱና እረፉ» አለች ለሁሉም። «የቀረውን እኔና አካፋ እንጨርሰዋለን።»

«እሜቴ፣ ይሄ እኮ ቦይ ነው» አለ አካፋ።

«ያዘዝኩህን ሥራ። ካልታየ አይሸትም።»

«ኧረ አፌን! ኧረ አፌን!» አለ ቦይ። «ክረምት ሲገባ ውኃውን በየት ላሳልፈው ነው?» ሳይጨርስ ቆሻሻው ሞላው።

እሜት ውሮ እትዬ አህዪትን አስጠራቻትና፣ «ከወንዝ ዳር ጥቁር አፈር አምጪልኝ፤ እዚህ አበባ ልንተክል ነው» አለቻት።

«አበባ! እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» አለች እትዬ አህዪት። የምታጠባትን ውርንጭላዋን አስከትላ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ አፈሩንም ደፋችው። አንዱ ጆንያ ተቀዶ እዚያው ቀረ። ከሥሩ ምን እንዳለ አልጠየቀችም፤ አምናታለች።

አበባው በቀለ። የጎረቤት ከተማ በግ ራሷ መጥታ አየችው። እሜት ውሮም ተመሰገነች።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ጎርፍ ከላይ እየሮጠ መጥቶ፣ «ቦይ! ኧረ ቦይ! የት ገባህ?» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። «እንግዲያው በር ባገኘሁበት እገባለሁ» አለና ከታች ሰፈር እማማ ጃርት ቤት ገባ። የክረምት ቀለባቸውንም፣ የሚተኙበትንም ሣር ጠራርጎ ወሰደው።

ዝናቡ ሲያባራ እሜት ውሮ ጥፋቷን ልትናገር ሄደች። እማማ ጃርት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ።

«እማማ፣ እኔ...»

«እንኳን መጣሽ ልጄ። እንዳንቺ ያለ ደግ ጎረቤት ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

እሜት ውሮም፣ «አይዞዎት ልበልዎት ብዬ ነው» አለችና ተመለሰች።

በማግስቱ ጋሽ አውራ ዶሮ አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ሕግ አጥፊው ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይገባም። ከቦዩ አጠገብ ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ቦዩን ጫር ሲያደርጉት መጀመሪያ የወጣው የእትዬ አህዪት ጆንያ ነው።

«ጆንያው የኔ ነው» አለች እትዬ አህዪት። «አፈር አምጥቼበታለሁ። ለምን እንደሆነ እሜት ውሮ ታውቃለች።»

ሁሉም ወደ እሜት ውሮ ዞረ። አካፋ መሬት መሬት አየ። እሜት ውሮ፣ «እውነቱን ተናገሪ» አለች ለራሷ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አዎ፣ አፈር አምጪ ብያታለሁ። ቦዩ ላይ ድፊው ግን አላልኳትም።»

እትዬ አህዪት አየቻት። አልተሳደበችም፤ አየቻት ብቻ። እሜት ውሮ ያን ጊዜ ፊቷን ለመታጠብ እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው።

«ቦዩን የደፈነችው እሷ ናት፤ ከከተማችን ትውጣ!» ተባለ። እትዬ አህዪት ውርንጭላዋን ይዛ መንገድ ጀመረች። እሜት ውሮ ከኋላ ተከትላ ትሰማለች።

«እማዬ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?» አለች ውርንጭላዋ።

«እኔም አላወቅኩትም ልጄ። እሜት ውሮ አትዋሽም፤ ሳይገባኝ አጥፍቼ ይሆናል።»

ይህን ስትሰማ እሜት ውሮ ቆመች። ጆሮዋን ጥላ ወደ ዋንዛው ተመለሰችና በቀጭን ድምፅ፣ «እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አለች?» አለች ፍየል። «አይጥ ጎርሳ ነው እንዴ የምታወራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኧረ አልሰማንም!»

«እኔ ነኝ! ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ! አህዪት ምንም አታውቅም። ዋሽቼባታለሁ። እኔ ልውጣ!»

 ፍየል እንኳ አንገቷን ደፋች። ጋሽ አውራ ዶሮ ክንፋቸውን ሰብስበው ከዋንዛው ቅርንጫፍ ወረዱ። «እኔም ጆንያ ብቻ አይቼ ፈረድኩ» አሉ። «ጥሯት፣ ትመለስ።»

እማማ ጃርት ግን እሜት ውሮን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺ ወጥተሽ ቤቴን ማን ሊያደርቅልኝ ነው? ትቀመጫለሽ እንጂ! መጀመሪያ ሣር አምጪልኝ፤ ከዚያ ቦዩን ክፈቺ።»

እሜት ውሮ ሣሩን አመጣች። ከዚያም ሁሉም እያያት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበረችውን በጥፍሯ አወጣችው። አበባውም ተነቀለ። ጠረኑ ከተማውን ሞላው፤ ማንም አፍንጫውን አልያዘም፤ እሷ ግን ሁሉም የያዘ መሰላት። ቦይ አፉ ሲከፈት ሳል በሳል ሆኖ፣ «ተመስገን» አለ።

ወደ ኮረብታው ማዶ የሚሄደው ጆንያ ሲሞላ እትዬ አህዪት መጥታ ቆመች። እሜት ውሮ ልትጭናት ስትል አህዪት ወደ ኋላ አለች።

«መጀመሪያ ጆንያውን ፍቺና አሳዪኝ።»

እሜት ውሮ ፈታችው። የበሰበሰውን ልጣጭ አሳየቻት። ዓይኗን ማንሳት ግን አልቻለችም። እትዬ አህዪት ጎንበስ ብላ ውስጡን ደህና አድርጋ አየችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

«በይ፣ አሁን ጫኚኝ።»

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ልትሸፍኑ ስትነሱ፣ አፈሩን የሚሸከምላችሁ ማን እንደሆነ፣ ጎርፉም የሚገባው ማን ቤት እንደሆነ አስቡ። እግዚአብሔር እንደሆነ ከአፈሩ ሥርም ያያል።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ደረሰ። የሰማችሁበት ጆሮ ይባረክ፤ ለሁላችንም «እኔ ነኝ» የምንልበት አፍ ይስጠን።