የደከመው ቀበሮ እንቅልፍ

ተረት ተረት፤ የሰማ ይንቃበት፣ ያልሰማ ይተኛበት።

አንድ ያረጀ ቀበሮ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለአያ ጅቦ ግልገል ሲሰርቅ ኖሮ ትርፉ የተጋጠ አጥንት ነበር። አንድ ቀን ሦስት የፍየል ግልገሎች ሰርቆ ዋሻ ውስጥ ከተታቸውና ደጁን በድንጋይ ዘጋው። ጅብ እስኪመጣ ጥላ ሥር ጋደም ቢል፣ ግልገሎቹ ባንድነት እየጮኹ ጆሮውን አደነቆሩት።

«ኧረ ዝም በሉ! እናንተን ስሸከም ወገቤ ተቆርጧል» አለ።

«አያ ቀበሮ» አለች ትልቋ፣ «ከትልቅ እስከ ትንሽ በየተራችን አንድ አንድ ጊዜ እንጩህና እንተኛ። ከዚያ ወዲያ እርስዎም ድምፃችንን አይሰሙም።»

«በሉ ቶሎ ጨርሱና አሳርፉኝ።»

ትልቋ ጮኸች፣ መካከለኛው ተከተለ፣ ትንሿ ጨረሰች። ጸጥ አለ። ቀበሮም «ተመስገን» ብሎ ዓይኑን ከደነ።

ከኮረብታው ማዶ እናትየው ጆሮዋን አቆመች። ግልገል ሲርበው ሁሉም ባንዴ ይንጫጫል፤ በየተራ ጮኾ ዝም ካለ ግን «ጠላት ይዞናል፣ ኮቴ ሳታሰሙ ድረሱ» ማለት ነው፤ ያስተማረቻቸውም እሷው ናት። አውራውን ፍየል አስከትላ መጣች። እሱ ከውጭ በቀንዱ ሲስብ፣ ግልገሎቹ ከውስጥ በግንባራቸው ሲገፉ፣ ድንጋዩ ቀስ ብሎ ተንከባለለ። ቀበሮው እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጅብ ከች አለ።

«ግልገሎቼስ?»

ቀበሮው እያዛጋ ወደ ዋሻው ጠቆመው። ጅብ ገባ፣ ወጣ። ጥላው ሥር የተዘረጋውን ቀበሮ ከላይ እስከ ታች አየና፣

«እኔም ደክሞኛል ወንድሜ፤ ርቦኝ ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለው።