ይበልጣልና የረቡዕ ጠዋት ትምህርት

አንድ ቀን፣ ምረቃው ደርሶ ግቢው በጥቁር ጋዋን ሲጥለቀለቅ፣ ይበልጣል የሚባል ተማሪ የመመረቂያ ፎቶውን ተነሥቶ፣ ክራቫቱን እንኳ ሳይፈታ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደ። ስሙን ከተመራቂዎቹ መሀል ተለጥፎ በዓይኑ ሊያይ ነው። ከላይ ወደ ታች አየ፤ የለም። ከታች ወደ ላይ አየ፤ የለም። ምናልባት ፊደል ተሳስተው «ይበልጥ» ብለውት ይሆናል ብሎ ደግሞ አየ። ወይ ፍንክች!

በመስኮቱ በኩል ያለችውን ሠራተኛ ቢጠይቃት፣ ማስቲካዋን እያኘከች ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አደረገችና፣

«አንተ እኮ ቀሪ በዝቶብህ ተይዘሃል» አለችው።

«ምን ተያዝኩ? ሰርቄያለሁ እንዴ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ነገ ጠዋት ዲኗ ቢሮ ቅረብ። ቀጣይ!»

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ካላወጋኋችሁ አይገባችሁም። ይበልጣል የሚማረው ሂሳብና አካውንቲንግን ያጣመረ ዲግሪ ነበር። ማን እንዳሰበው እንጃ፤ ብቻ አንድ ዓመት ላይ ዩኒቨርሲቲው ድንገት ተነሥቶ «በአንድ ዲግሪ ሁለት ሙያ!» ብሎ በየግድግዳው ለጠፈ። የተመዝጋቢው ሰልፍ አይጣል ነው! መስፈርቱ ሲነበብ ግን ሰልፉ ሟሸሸ። የሂሳቡን ኮርስ በሙሉ ማለፍ፣ የአካውንቲንጉንም ኮርስ በሙሉ ማለፍ፣ ይህ አልበቃ ብሎ ደግሞ «ተማሪው የሁለቱም ክፍሎች ትምህርት ተካፋይ መሆን አለበት» የሚል አንቀጽ። ግማሹ ተማሪ በዓመቱ ወደ አካውንቲንግ ብቻ ሸሸ። ግማሹ ወደ ሂሳብ ብቻ ገባ። አንዱ ጉደኛ እንዲያውም ሁለቱንም ተሰናብቶ ስፖርት ሳይንስ ገባና ኳሱን ሲጠልዝ ይውላል። የመጨረሻው ዓመት ላይ በዚያ ዲግሪ የሚማር ሰው ቢፈለግ ይበልጣል ብቻ ሆነ። ግትር ነዋ! የጎጃም ልጅ አንዴ ከጀመረ መች ይለቅና።

ብቻውን መሆኑስ ባልከፋ። ጣጣው የሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ኃላፊዎች ናቸው። የሂሳቡ ኃላፊ ዶክተር መርሻ ዝንጉ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ዓይነት። የአካውንቲንጉ ኃላፊ አቶ ጥጋቡ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። ስለ መኪና ቢወራ እሳቸው ናቸው መካኒክ፣ ስለ ጉንፋን ቢወራ እሳቸው ናቸው ሐኪም። ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም። የጠባቸው መነሻ አንድ የመምህራን ግብዣ ነው። ዶክተር መርሻ ጨዋታ ያመጡ መስሏቸው፣ «አካውንቲንግ ማለት መደመርና መቀነስ አይደል እንዴ? እሱን እኮ እኛ አራተኛ ክፍል ጨርሰነዋል» አሉ። አቶ ጥጋቡ ሹካቸውን አስቀመጡና፣ «ሂሳብ ተምሮ፣ ሂሳብ ከማስተማር ሌላ ሥራ ያገኘ ሰው ካለ እስቲ ይነሣና እንየው» አሉ። ማንም አልተነሣም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ኮሪደር ሲመጡ እንኳ ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ነው የሚያልፉት።

ታዲያ የመጨረሻው ዓመት ፕሮግራም ሲወጣ፣ ዶክተር መርሻ ዋናውን ትምህርታቸውን ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አደረጉት። አቶ ጥጋቡም ዋናውን ትምህርታቸውን ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አደረጉት። የሂሳቡ ሕንጻ ከግቢው ላይኛው በር፣ የአካውንቲንጉ ከታችኛው በር።

ይበልጣል ዶክተር መርሻ ዘንድ ሄዶ ለመነ። «ዶክተር፣ እባክዎ ሰዓቱን ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉልኝ።»

«እኔ? እኔ ለምን እቀይራለሁ? ያኛው ሰውዬ ይቀይር እንጂ! የሁሉ መሠረት ሂሳብ ነው።»

አቶ ጥጋቡ ዘንድ ሄደ። «መምህር፣ እባክዎ ወይ አንድ ሰዓት ላይ ወይ አራት ሰዓት ላይ ያድርጉልኝ።»

«ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ ሙያዬን መደመርና መቀነስ ላለ ሰው ብዬ ሰዓቴን አልቀይርም! አራተኛ ክፍል የጨረሰው ሰውዬ እሱ ይቀይር።»

ይበልጣል ምን ያድርግ? ብልሃት ፈጠረ። አንዱን ረቡዕ ላይኛው በር፣ ቀጣዩን ረቡዕ ታችኛው በር ይማራል፤ ያመለጠውን ከሌሎች ተማሪዎች እየለመነ ይገለብጣል። ይህ ያላዋጣው ሲመስለው ደግሞ ግማሹን ሰዓት ላይኛው በር ተምሮ ግማሹን ሰዓት ታችኛው በር ለመማር ሞከረ። መሀል ግቢውን እያቋረጠ ሲሮጥ የሚያዩት የጥበቃ ሠራተኞች «አንተ፣ ማን አባረረህ?» ይሉታል። «ትምህርት!» ብሎ ያልፋቸዋል። አቶ ጥጋቡ ግን ነቁበት። መጀመሪያ ትምህርቱ ሲያልቅ ነበር ስም የሚጠሩት፤ ሩጫውን ሲሰሙ ሲጀመርም ሲያልቅም ይጠሩ ጀመር። ዶክተር መርሻ በበኩላቸው ስም መጥራት ድንገት ትዝ ሲላቸው ነው የሚጠሩት፣ ትዝ የሚላቸው ደግሞ ሁልጊዜ ይበልጣል ታች ሲሆን ነው። እናላችሁ ልጁ የሁለቱንም ፈተና አንደኛ ወጥቶ እያለፈ፣ በሁለቱም ዘንድ ቀሪ እየተባለ ዓመቱ አለቀ።

ወደ ጨዋታችን እንመለስ። ይበልጣል ከሬጅስትራር ወጥቶ፣ ክራቫቱ አንቆት፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያስብ ስልኩ ጮኸ። እናቱ እማማ ጠጄ ናቸው፣ ከቢቸና።

«ልጄ! ይበልጤ! እንግዲህ ነገ በሌሊት ተሳፍረን እንመጣልሃለን!»

«እነማን ናችሁ እማዬ?»

«እኔ አለሁ፣ አያ ውድነህ አለ፣ እትዬ ብርቄ አለች። የንስሐ አባታችንም ‹ልጁን ሳልመርቅማ አልቀርም› ብለው አብረውን ናቸው። ደግሞ ስማ፣ ያቺ የታችኛው ሰፈሯ ሴትዮ ‹ልጅሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርግ ነው› ያለችኝ፣ እሷንም ይዣት ልመጣ ነው። ዓይኗ እያየ ትረር!»

«እማዬ፣ ምናለበት ትንሽ ቀን ብትቆዩ…»

«ምን? ምን ሆነሃል አንተ? ድምፅህ ምነው?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ጉንፋን ነው» አለ። ዘንድሮ አልመረቅም ቢላት በቁሟ ድርቅ ትላለች። ያቺ የታችኛው ሰፈር ሴትዮ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ የምታወራው ታገኛለች። ሲያስበው አለቀሰ፤ እውነቴን ነው፣ ክራቫት እንዳሰረ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን በክራቫቱ ጫፍ ጠረገና ተነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ዲኗ ቢሮ ገባ። ዲኗ ዶክተር የሺመቤት ደንብ የሚያከብሩ፣ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሴት ናቸው። ከጠረጴዛው በወዲህ ጫፍ ዶክተር መርሻ፣ በወዲያ ጫፍ አቶ ጥጋቡ ተቀምጠዋል። በመሀላቸው ሦስት ባዶ ወንበር አለ። ሁለቱም የሚያዩት ዲኗን ብቻ ነው።

«ተቀመጥ ይበልጣል» አሉ ዲኗ። «ውጤትህን አይቼዋለሁ፤ ጎሽ የሚያሰኝ ነው። ግን መስፈርቱ ውጤት ብቻ አይደለም። በዶክተር መርሻ ትምህርት ቀሪ ነህ። በአቶ ጥጋቡም ትምህርት ቀሪ ነህ። ምን ትላለህ?»

«ዶክተር፣ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሰዓት ነበሩ» አለ ይበልጣል። «እኔ ደግሞ እግዜር አንድ አድርጎ ነው የፈጠረኝ።»

ዲኗ ወደ ዶክተር መርሻ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እኔ አስቀድሜ ነው ሰዓቱን የያዝኩት» አሉ ዶክተር መርሻ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ እየፈለጉ።

«ያስቀደምኩትስ እኔ ነኝ!» አሉ አቶ ጥጋቡ። «ደግሞ የሰዓቱን ጉዳይ ምን አመጣው? ልጁ ራሱ ነው ሁለቱንም እማራለሁ ብሎ የገባበት። ማን ለምኖት! ሰው አቅሙን አውቆ ነው እንጂ…»

«ልመና'ማ ለምኜ ነበር መምህር» አለ ይበልጣል። «ሁለታችሁንም።»

«ዝም በል! አሁን ደንቡ ነው የሚነገረው።» አቶ ጥጋቡ ደንቡ የታተመበትን ወረቀት አንሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የቅዳሴ መጽሐፍ እንደያዘ ዲያቆን ከፍ አድርገው አነበቡት። «‹ተማሪው የሁለቱም ክፍሎች ትምህርት ተካፋይ መሆን አለበት።› ይኸው! ተካፋይ ይላል። እስቲ ለዲኗ ንገራቸው፤ አንተ ተካፋይ ነህ ወይስ ቀሪ?»

ይበልጣል አፉን ሳይከፍት አቶ ጥጋቡ ቀጠሉ። ነገር ሲጥማቸው እንዲህ ናቸው፤ ጠያቂም መላሽም ራሳቸው።

«ቀሪ ነህ! በቃ። በኛ ሙያ ደግሞ ቀሪ ምን እንደሚደረግ አስተምሬሃለሁ። የዘንድሮ ቀሪ አይሰረዝም፣ አይፋቅም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። እንግዲህ አንተም ተዛውረሃል። የዛሬ ዓመት ያገናኘን!» አሉና በገዛ ቀልዳቸው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

ዶክተር መርሻ መሬት መሬቱን አዩ። ዲኗ እስክሪብቷቸውን አነሡ። የይበልጣል እናት በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ላይ ናቸው። ዲኗ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ይበልጣል እጁን እንደ ተማሪ ቤት ልጅ አወጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ልናገር ዶክተር።»

«ቀጥል።»

ወደ አቶ ጥጋቡ ዞረና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ በእርስዎ ክፍል ቀሪ ይዛወራል። በዶክተር መርሻ ክፍል ደግሞ ቀሪ የሚመጣው ከማካፈል ነው። እኔ አንዱን ሰውዬ ለሁለት ክፍል ያካፈላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ተካፋይስ ነኝ፤ ታዲያ ቀሪ ቢወጣ ተካፋዩ ምን አጠፋ? አካፋዩ ይጠየቅ እንጂ!»

የአቶ ጥጋቡ ሳቅ እዚያው አፋቸው ላይ ደረቀ። ሁሉን የሚያውቁት ሰውዬ የሚያውቁት ጠፋቸው።

ዶክተር መርሻ ግን ፈነዱ! ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ልክ ነው! ልክ ነው! አንድ ለሁለት ሲካፈል ድርሻው ዜሮ፣ ቀሪው አንድ! ጎበዝ! አይ የኔ ተማሪ! እንከን የለውም!» እያሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አቶ ጥጋቡ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አካፋዩ ይጠየቅ ተብሏል፣ ይመልሳ!»

ዶክተር የሺመቤት ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። በይበልጣል ወረቀት ላይ «ይመረቅ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን ድም አደረጉበትና ለልጁ ሰጡት። ይበልጣል ወረቀቱን ስሞ፣ ሁሉንም እጅ ነሥቶ፣ እናቱን ሊቀበል ወደ መናኸሪያ በረረ። ዲኗ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው፣ ገና ሳቁ ወዳላለቀላቸው ወደ ዶክተር መርሻ ቀስ ብለው ዞሩ።

«እርስዎን ደግሞ ምን ያስቅዎታል ዶክተር?» አሉ። «አካፋዩ እኮ ሁለት ነው።»