ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከሰሰው ወይራ

እኛ ሰፈር ሰው ወጡ አሮበት እንጨቱን ቢወቅስ፣ ወይም ጫማው ጠቦት መንገዱን ቢራገም፣ ከጎኑ ያለው አንዲት አጭር ተረት ጣል አድርጎበት ያልፋል። እንግዳ ሲሰማት ከቅድመ አያት የወረደች ትመስለዋለች። አይደለችም። የመጣችው ከአቶ ወንድይፍራው ቴሌቪዥን ነው። በተወለደችበት ቅዳሜ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ያውም በአጥፊዎቹ ወገን።

አቶ ወንድይፍራው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ክስ ሲጽፉ ኖረው፣ መሥሪያ ቤቱን ሲለቁ ብዕሩ እጃቸው ላይ ቀረ። ውኃ ሲቋረጥ ማመልከቻ፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ማመልከቻ። ዲሽ የማይፈልገውን፣ በተራ አንቴና የሚሠራውን ዲጂታል ሪሲቨር በሰፈሩ መጀመሪያ የገዙትም እሳቸው ናቸው። አንቴናውን ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ በእንጨት አቆሙና ፊቱን ማሰራጫው ወዳለበት ተራራ አዞሩት። ገመዱ ከዚያ ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ በሳሎኑ መስኮት ይገባል። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ሲኖር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ እሳቸው ሳሎን ይሰበሰባል።

ይህ ደስታ ብዙ አልቆየም። የድሮው ቴሌቪዥን ሲታመም በረዶ ይዘንብበታል እንጂ ሰውየው ሲሮጥ ይታይ ነበር። ዲጂታሉ ግን ምሕረት አያውቅም። ኳሱ ወደ ጎል ሲቃረብ ሜዳው ቁርጥራጭ ይሆንና ተጫዋቹ አንድ እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ይቀራል። ቀጥሎ ጥቁር ነው፤ «ሲግናል የለም» ይላል። ደግሞ ክፋቱ፣ የሚጠፋው ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ያልሞከርነው የለም። ጣቢያዎቹን እንደገና አስፈለግነው። ሞቆት ይሆናል ብለን የለበሰውን ዳንቴል ገፈፍነው። አንዱ በጥፊ መታው። አቶ ወንድይፍራው መጀመሪያ የወነጀሉት ሰማዩን ነበር፤ ደመናው ነው አሉ። በጠራራ ፀሐይም ሲጠፋ ጊዜ ሌላ ተከሳሽ ተፈለገ፤ ተገኘም። የእትዬ ዘሀራ ወይራ።

እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። መሶብና ሰፌድ ሰፍተው ያድራሉ። ቤታቸው አንዲት ጨለማ ክፍል ናት፤ ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል። ስለዚህ የሚሠሩት ደጅ፣ ሟች ባለቤታቸው ሁሴን በተከሉት ወይራ ጥላ ሥር ነው። ወይራው ከሌለ ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ እንጀራው የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን ነው የፈረምነው።

«ወይራው በአንቴናውና በተራራው መካከል ቆሟል» አሉን አቶ ወንድይፍራው።

«ታዲያ ማታ ምስሉ ለምን ይመለሳል?» ብንላቸው፣

«ማታ ቅጠል ይተኛል» አሉ።

አመንናቸው። ኳስ የጠማው ሰው የማያምነው ነገር የለም። አሥራ አራት አባወራ ዛፉ ይቆረጥ ብለን ፈረምን፤ የእኔ ስም ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ከተቃጠልን በኋላ፣ በአንዱ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሰፈሩን ሽማግሌ አያ ይመርን ከፊት፣ መጥረቢያ የያዘ እንጨት ቆራጭ ከኋላ አድርገን ሄድን።

እትዬ ዘሀራ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ይሰፋሉ። አቶ ወንድይፍራው ወረቀቱን ዘረጉ።

«እትዬ ዘሀራ፣ የአሥራ አራት አባወራ ቅሬታ ቀርቦብዎታል። ዛፍዎ ሲግናል ይከልላል።»

እትዬ ዘሀራ ወስፌያቸውን አላቆሙም።

«አንተ ወንድይፍራው! ይህን ወይራ ሁሴን ሲተክለው አንተ ገና አፍንጫህን አትጠርግም ነበር። መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ።»

«ለሕዝብ ጥቅም ሲባል…»

«የቱ ሕዝብ? እኔስ ከሕዝቡ አልቆጠርም?»

ቆራጩ መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ። እትዬ ዘሀራም ወስፌውን ወደ እሱ ቀሰሩ። «ና! ና እንጂ! ወላሂ ቅርፊቱን ከነካህ ከዚህ አልነሳም፤ ከነነፍሴ ትገነድሰኛለህ!» ሰውየው መጥረቢያውን ቀስ ብሎ ትከሻው ላይ መለሰ።

«ዘሀራ፣ ቁጣ መልስ አይሆንም» አሉ አያ ይመር። «መልስ ካለሽ ስጪን።»

«አለኝ እንጂ! ማክሰኞ የዚህ ሰውዬ ቴሌቪዥን ዜና ሲያነብ እዚህ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሐሙስም እሰማለሁ። ታዲያ ይህ ወይራ ቅጠል የሚያወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው?»

አሥራ አራት ወንድ ቀና ብለን ዛፉን አየነው፤ ያን ቀን ገና ያየነው ይመስል። አቶ ወንድይፍራው ወረቀታቸውን ገለበጡት፤ ከጀርባው ምንም አልተጻፈም።

እትዬ ዘሀራ ተነሱ። «እኛ ስፌት ሲጣመምብን ጎረቤት አንከስም። አክርማውን ከጫፉ ይዘን እየተከተልን የጠመመበትን እንፈልጋለን። ገመዳችሁ ከየት ይነሳል?»

እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን አቶ ወንድይፍራው ግቢ ገባን። እትዬ ዘሀራ በወስፌያቸው ሽቅብ እየጠቆሙ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ጀምሮ ገመዱን ተከተሉ። ግቢው መሐል ሲደርሱ ቆሙ። ገመዱ ረግቦ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለት የታጠበ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ውኃቸውን እያንጠባጠቡ ተሰጥተውበታል። የአንቴናው እንጨት በክብደቱ ተስቦ ዘንብሏል፤ አንቴናው ተራራውን ትቶ የዶሮዎቹን ቤት ያያል።

«ትርንጎ! ይህ ምንድን ነው?»

የአቶ ወንድይፍራው ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን እያደራረቁ ወጡ። «የእሳቸው ጋቢ ነዋ! የልብስ ማስጫው ሽቦ ከተበጠሰ ሁለት ወሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥብ ሌላ የት ላስጣው? ይቀጥሉልኝ ብል ማን ሰማኝ? ለካ ማመልከቻ መጻፍ ነበረብኝ!»

እትዬ ዘሀራ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያነሱ በአቶ ወንድይፍራው ትከሻ ላይ ቆለሉባቸው። ገመዱ ሲቀለው እንጨቱ ቀና አለ። ጥቂት ቆይቶ ከሳሎን «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«መልሱት» አሉ እትዬ ዘሀራ። ልብሱን መለስን።

«ሄደ!»

«አንሱት።»

«መጣ!»

ማንም በኋላ አጋጣሚ ነው እንዳይል ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ቆራጩ መጥረቢያውን ይዞ ውልቅ ብሏል። ኳሱም ተጀምሯል፤ ግን ማንም ሳሎን እንዲገባ አልፈቀዱም።

«ወረቀቱን አምጣ፤ ብዕርህንም። እያንዳንድህ በፈረምክበት እጅህ ሰርዝ።»

ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ እትዬ ዘሀራ ዓይኔን አይተው «አንተም?» አሉኝ። ልጄን ስድር የሰጡኝ መሶብ ዛሬም ቤቴ አለ። ስሜን እንደምንም ሰረዝኩና ዞር አልኩ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የቀረው የአቶ ወንድይፍራው ስም ብቻ ነበር። ከእነ እርጥብ ጋቢያቸው ብዕሩን ያዙና ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«እሰርዛለሁ» አሉ። «ነገር ግን ለመዝገብ ያህል፣ ባለፈው ቅዳሜ ሰማዩም ትንሽ ደመና ነበረው…»

ከጋቢያቸው የሚንጠባጠበው ውኃ የአያ ይመርን ጫማ ያርሳል። ሽማግሌው እግራቸውን ሰበሰቡ፣ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ወደ እኛ ዞረው፣ «ሰዎች፣ ስሙልኝማ፤ የገዛ ገመዱን ሳያይ ሰማይ ከሰሰ!» አሉ።