በበረዶው ላይ የቀረ ዱካ

«እንደ ጫጩት እኮ ነው የምትራመደው፣ አያ ፈንቴ! በዚህ አካሄድ ጉሙ ይቀድመናል!»

«ይቅደመን ጌታው። እሱ እዚሁ ነው የሚኖረው።»

«በል መንገዱን ልቀቅልኝ!»

ይህን የሚለው አንድ ሰውዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማረ፣ ጡረታ ወጥቶም ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ፣ እግረ ረጅም ሰው። የሚጣላው ከመንገድ መሪው ከአያ ፈንቴ ጋር ነው። የቆሙት ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ላይ ነው። ሁለቱን ጫፎች ወጥተዋል፤ ሦስተኛው ይቀራል። ሌሊቱን የጣለው በረዶ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ ጎድጓዳው ላይ ደግሞ ጉልበት ይውጣል።

ሰውየው ለምን ቸኮለ? ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ወገኖቼ። የቸኮለው ለሚስቱ ነው።

ሚስቱ ወይዘሮ እቴነሽ ከኋላ አለች። አባቷ የተወለደበት መንደር ከሦስተኛው ጫፍ ላይ ቁልቁል ይታያል። ልጅ ሆና «ቤታችን ጉብታ ላይ፣ በሁለት ዛፎች መካከል ነው» እያለ ስንት ጊዜ ነግሯታል! ግን አንድም ቀን አላየችውም። አምና ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ሐኪሙም «ከዚህ በኋላ አንድ ተራራ፣ እሱንም ቀስ ብለሽ» አላት። ያ አንድ ተራራ ይህ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ ሁሉን ይሸፍናል። ዛሬ ካላየችው አታየውም።

ስለዚህ ባልየው ቀደመ። እዚያ አገር በረዶ ሲጥል አንዱ ቀድሞ ይረግጣል፣ የኋላው እግሩን በዚያው ዱካ ውስጥ ያስገባል። አቤት እንዴት ረገጠ! ጠንካራ ዱካ፣ ቀጥ ያለ ዱካ። ታዲያ ምን ይሆናል? ከአንዱ ዱካ እስከ ሌላው ለወይዘሮ እቴነሽ ዝላይ ነው። መዝለል አትችልም። በመሐሉ ባለው ባልተረገጠው በረዶ ሰጠመች። ተነሣች። እንደገና ሰጠመች።

ሰውየው ከሩቅ ዞሮ ቢያይ፣ ሚስቱ በረዶው ላይ ተቀምጣለች።

«በርቺ እንጂ! ቀርቧል እኮ!»

«ላንተ ነው የቀረበው!»

አያ ፈንቴ ወደ እሷ መጣ። ከአንድ ድንጋይ ሥር ጓሳ ሣር አጨደ፤ ጠምዝዞ እንደ ሰፌድ ሰፋ አድርጎ ከጫማዋ ሥር አሰረላት፣ እንዳትሰጥም።

«ዳክዬ አደረግኸኝ እኮ፣ አያ ፈንቴ!»

«ታዲያ እንደ ዳክዬ ይራመዱ፣ እሜቴ። ከዝንጀሮ በቀር ማን ያይዎታል?»

ሳቀች። እየሳቀችም ተነሣች። አያ ፈንቴ ሰውየውን አልፎ መሪነቱን ያዘና ዞር ብሎ፣ «ጌታው፣ እኔ የምረግጠው በእሳቸው እግር ልክ ነው። ለመፍጠንማ እኔም እግር አለኝ» አለው። ሰውየው ጆሮው ቀላ። ከሚስቱ ኋላ ገባ።

ጫጩት፣ ዳክዬ፣ ከኋላ ረጅም አስተማሪ። እንደዚያ ሆነው ደረሱ።

ጉሙ ግማሽ ሸለቆ በልቶ ነበር። ከጉሙ በላይ ግን አንድ ጉብታ ቀርታለች፤ ጉብታዋ ላይ ሁለት ዛፎች፣ በዛፎቹ መካከል ጣሪያ ያብረቀርቃል።

«ቆርቆሮ ለብሷል!» አለች ወይዘሮ እቴነሽ። «አባዬ የሣር ቤት ነው ያለኝ።» ቆማ አየች። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ጉሙ ጉብታዋን ዋጠ። በቃት።

ወገኖቼ፣ ከእኛ መካከል ከሩቅ ሆኖ «በርቱ!» ያላለ ማን ነው? አንተ አባት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመህ ትጸልያለህ፤ ልጅህ አምስት ደቂቃ መቆም ሲያቅተው ትቆጣለህ። አንቺ ሃያ ዓመት በቤተ ክርስቲያን የኖርሽ፣ ትናንት የመጣችውን ልጅ «ይሄን እንኳ አታውቂም?» ትያታለሽ። ዱካችሁ ጠንካራ ነው፤ አልክድም። ቀጥ ያለ ነው። ግን የኋላችሁ ሰው እግር ይደርስበታል? ዞር ብላችሁ አይታችኋል? ፍቅር እኮ ነበረው ሰውየው! ፍቅሩ ግን በራሱ እግር ልክ ነበር።

እናንተ ደግሞ ደርሰናል የምትሉ፣ ማን አደረሳችሁ? ማን ነው ስለ እናንተ እርምጃውን ያሳጠረው? እግዚአብሔርስ በራሱ እርምጃ ቢሄድ ኖሮ ማን ይከተለው ነበር?

በመጨረሻ ባልና ሚስቱ እየተሳሳቁ ፎቶ ተነሡ። በወዲያኛው ጎን በለስላሳው መውረጃ በቅሎ ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው ነበርና ወደ እሱ ወረዱ። አያ ፈንቴ ግን ፎቶ ሲነሡ ነው በመጣበት የተመለሰው። ማንም ልብ አላለውም። ከጫፉ ሥር በወጡበት በረዶ ላይ ሁለት መስመር ዱካ ቀርቷል። ወደ ላይ የሚወጣው አጭር አጭር ነው፤ የልጅ እርምጃ ይመስላል። ወደ ታች የሚወርደው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከስፖርት አስተማሪውም እርምጃ ይረዝማል።