የሀዘንተኛዋ ቁልፍ

በአንድ ወቅት ነው፤ ዘመኑን መቁጠር የፈለገ ይቁጠር፣ እኔ ፊደል እንጂ ቁጥር አልተማርኩም። የሺመቤት የምትባል ሴት ባሏ ሞተባት። በአገራችን ሀዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት ፍራሹን ይዞ ይመጣል፣ ያወራል፣ እዚያው ያድራል። የሺመቤት ግን እንባ አልወጣትም፣ እህል አልቀመሰችም፣ ዓይኗም አልተከደነም።

ትልቋ ልጇ አሰለፈች ሰው ካልከበባት ትንፋሽ የሚያጥራት ናት። «እናቴ በዝምታ አትሞትብኝም» ብላ መንደሩን ጠራች። ቤቱ ሞላ፣ ካርታም ተያዘ። በአራተኛው ቀን አንዱ ቀልደኛ፣ ሟቹ በቅሎውን ሲያባርር ወንዝ ውስጥ እንዴት እንደወደቀ አወራ። «በቅሎዋ ማዶ ቆማ ታየው ነበር» አለ። የሺመቤት ሳቀች። በሳቋ መሀል አሰለፈች አጥሚት አስጠጋችላት፤ ጠጣች።

መንደሩ «ተረፈች» አለ። ይበል እንጂ እንቅልፍ አሁንም በዓይኗ አልዞረም።

ታናሿ ትርንጎ ከሩቅ አገር በስድስተኛው ቀን ደረሰች። እሷ ደግሞ ሦስት ሰው አብሮ ካወራባት ራሷን የሚያማት ናት። እናቷን አየቻት፤ ለሚያናግራት ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ትርንጎ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«እግዜር ይስጥልን። አሁን ወደየቤታችሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሀዘንተኛ ብቻዋን ይጣላል?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አባቴ፣ ዓይኗን ይዩት፤ ደም መስሏል። የእርስዎ ግን እንቅልፍ የጠገበ ነው። ይነሱ።»

ፍራሹን ጠቅልላ አወጣችላቸው። በሩን ዘግታ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ከውስጥ የእናቷ ለቅሶ ተሰማ፤ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ጸጥ አለ። የሺመቤት እስከ ማግስቱ ቀትር ተኛች። መንደሩ እስከ ዛሬ ትርንጎን ሰላም አይላትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መበለት ብቻዋን አትኖርም ብለው የቤቷን ቁልፍ ከፊታቸው ቁርበት ላይ አኖሩት። ቁልፉ የተሰጣት ልጅ ቤቱን ቆልፋ እናቷን ይዛ ትሄዳለች።

«ያዳንኳት እኔ ነኝ» አለች አሰለፈች፤ «ያ አጥሚት ባይኖር ትርንጎ የምትደርሰው ለቀብሯ ነበር።»

«ሌላ አንድ ቀን እንዲያ ከበዋት ቢያድሩ አእምሮዋን ትስት ነበር» አለች ትርንጎ።

የሺመቤት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «የጠጣሁት በራሴ ጉሮሮ ነው፣ የተኛሁትም በራሴ ዓይን። ቁልፌን ስጡኝና ቤቴ ልግባ። ሰው ሲያምረኝ እጠራለሁ፣ ሲበቃኝ እዘጋለሁ።»

«ብትታመሚ ማን ያይሻል?» አሏት ሽማግሌዎቹ።

«ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ አለመተኛቴን ማን አየ?»

«አለመብላትሽን ግን እኔ አየሁ፣ እማ» አለች አሰለፈች ቀስ ብላ።

የሺመቤት ወደ ልጇ ዞር አለች። እጇ ግን ወደ ቁልፉ እንደተዘረጋ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ። ጨዋታ ወዳዱ ለአሰለፈች፣ ዝምተኛው ለትርንጎ ከፈረደ ለራሱ አደላ እንጂ አልፈረደም። ቁልፉ ይኸው፤ ለማን ትሰጡታላችሁ?