ከአግዳሚ ወንበር የተሠራው አንበሳ

አንድ ባለሀብት በከተማ ዳር የልጆች መጫወቻ ስፍራ ከፈተ። ዥዋዥዌ አለው፣ ሸርተቴ አለው፣ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶችም አሉት። በየዛፉ ሥር ደግሞ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አረፍ ይላሉ፣ ልጆቹም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይጫወታሉ።

አንድ ቀን ሒሳብ ሹሙ ባለሀብቱ ዘንድ ገባና፣ «ጌታዬ፣ ወንበሮቹ ጎዱን» አለ። «እናቶቹ ከቤት የቋጠሩትን ዳቦ ይዘው እዚያ ተጎልተው ይውላሉ። ወንበር ባያገኙ ሻይ ቤታችን ገብተው ይገዙ ነበር።»

አናጢው ጋሽ ቢሻው በበኩሉ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ቤት የሚያህል፣ አፉን ሲከፍት የሚያገሳ የእንጨት አንበሳ መሥራት ይፈልጋል። ሥራ አዋቂ ነው፤ ጣውላ የሚገዛለት ግን አጥቷል።

ሒሳብ ሹሙ ሁለቱን ጉዳይ አገናኛቸው። ወንበሮቹ ተነቀሉ፤ ጣውላቸው አንበሳ ሆነ። አንዲት ሳንቲም ሳትወጣ! ሁሉም ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ። እናቶቹን የጠየቀ የለም። ማን ይጠይቃል?

አንበሳው ሲያገሳ ልጆች በደስታ ጮኹ። ከተማው ሁሉ ሊያየው ጎረፈ። ነገር ግን የመጣው ሁሉ ሰዓት ሳይሞላው ይመለስ ጀመር፤ ዳግመኛ ብቅ የሚለውም ጥቂት ሆነ። ሻይ ቤቱም ባዶውን ይውላል።

ባለሀብቱ ሠራተኞቹን አንበሳው አጠገብ ሰበሰበ። «እስከ መስቀል ሰው ካልመጣ ቦታውን ለመጋዘን አከራየዋለሁ። ሁላችሁም ትሰናበታላችሁ» አላቸው።

«አንበሳው ጭራውን እንዲያወዛውዝ ላድርገው፤ ያኔ ይመጣሉ» አለ አናጢው።

«የመግቢያውን ዋጋ ከፍ ብናደርግ ጥቂቱም ሰው ይበቃናል» አለ ሒሳብ ሹሙ።

ስንዱ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትሰማለች። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ እያየች ከርማለች። አሁን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ጭራ? እስካሁን የጎደለው ጭራ ነው?»

ይህን ብላ አንዲት እናት ወደ ቆመችበት ሄደች። ሴትዮዋ ሕፃን አዝላለች፤ ትልቁ ልጇ ቀሚሷን እየጎተተ አንበሳው ላይ ካልወጣሁ ይላል። «እህቴ፣ አንቺ እሱን አውጪው። ትንሹን ጋሼ ይይዙልሻል» አለችና፣ ሴትዮዋ አፍራ እምቢ ከማለቷ በፊት የተኛውን ሕፃን ተቀብላ ባለሀብቱ ክንድ ላይ አኖረችው።

የተኛ ልጅ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ባለሀብቱ በአንድ እግሩ ቆመ፣ ደግሞ በሌላው ቆመ። የሕፃኑ ለሃጭ በኮቱ ላይ ወረደ። ግራና ቀኝ ተመለከተ።

«ወንበር የለም እንዴ?»

«ነበረ። አሁን ያገሳል» አለች ስንዱ።

«እንግዲያው ሻይ ቤት ልግባ።»

«ይግቡ። ትልቁ ልጅ ከአንበሳው ሲወድቅ በግድግዳው አሳልፈው ያዩታል።»

ባለሀብቱ ጥቂት ታገሠ። ከዚያ ወገቡን ይዞ፣ «ያ ልጅ አይበቃውም? ጥሩትና ወደ ቤታቸው ይሂዱ!» ብሎ ጮኸ።

«አዩ ጋሼ? ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። የልጅ ጨዋታ የሚያልቀው ልጁ ሲደክመው አይደለም። እናቱ መቆም ሲያቅታት ነው።»

ባለሀብቱ አንበሳው ይፍረስ አለ። ጋሽ ቢሻው ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ጠዋት ግን መጋዙን ይዞ ተመለሰ። የአንበሳውን እግሮች ከሆዱ ሥር አጣጠፋቸው፣ ከአንድ ዛፍ ሥር አስተኛው፣ ጎኑን ዙሪያውን መቀመጫ አድርጎ ጠረበው። እናቶች ተደግፈውት ይቀመጣሉ፤ ልጆች ከጋማው ወደ ጀርባው ይንሸራተታሉ። አንበሳውም ማገሳቱን ትቶ ያንኮራፋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከበፊቱ ይልቅ ሳቁ።

ሰው ውሎ መግባት ጀመረ። የተቋጠረው ዳቦ ሲያልቅ እናቶቹ ሻይ አዘዙ፣ ለልጆቻቸውም ገዙ። መስቀል ሳይደርስ በሩ ላይ ሰልፍ ታየ።

ሰልፉን ያየው ሒሳብ ሹም እየሮጠ መጣ። «ጌታዬ! የመቀመጫ ትኬት እንቁረጥ!»

ባለሀብቱ ወደ ሰልፉ ዞረ። አጠገቡ ካለች እናት አንድ ወፍራም፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ተቀበለና ክንዱ ላይ አስቀመጠለት።

«መጀመሪያ ይህን ይዘህ ቁም» አለው። «ስለ ትኬቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ጥበብ እንግዳ ይጠራል፤ ትርፍም በሩ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ሁለቱ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ረስተው ሲስማሙ ግን ቤቱ ባዶ ይቀራል። የደከመውን ሰው ለማየት ደግሞ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ሸክሙን ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ይበቃል።

እናንተስ? ሰው ያደንቅልናል ብላችሁ ያቆማችሁት አንበሳ ከማን ወንበር የተሠራ ነው?